የሁለት ሺህ ዓመት መርዶ

ትርንጎ ያሲን ጠዋት ቢሮዋ ስትደርስ ባለጉዳዮቿ ሙታናቸውን በየዕቃው ይዘው ተሰልፈው ታገኛቸዋለች። አንዱ አያቱን በሻንጣ ይዞ ይመጣል። ሌላዋ የቅድመ አያቷን መንጋጋ በዱቄት ከረጢት፣ ሌላው ደግሞ ከጓሮው ያወጣውንና የማን እንደሆነ የማያውቀውን የክንድ አጥንት በፎጣ ጠቅልሎ። ሰልፉ ጸጥ ያለ ነው። አጥንት የታቀፈ ሰው አይገፋፋም።

ከሰልፈኞቹ መካከል በየወሩ የማይቀር ደባልቄ የሚባል ሰው ነበር። ይዞት የሚመጣው ሁልጊዜ የፍየል ቅልጥም ነው። ፍየል መሆኑን ስትነግረው «እስቲ ደህና አድርገሽ እይልኝ፣ እህቴ» ይላታል። ገልብጣ ታይለታለች፤ ያው ፍየል ነው፤ አመስግኖ ይሄዳል። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይስቅበታል። እሷም አንዳንዴ ትስቃለች፣ ያን ቀን ግን ምሳ አይበላላትም።

የአጥንት አዋጅ የወጣው እሷ ፊደል ስትቆጥር ነው። መሬት አጥንቱ ላረፈበት ዘር ይሁን ይላል፣ ሌላው ዝርዝር ነው። ድሮም ርስት የሚፈልግ ሰው አጥንት ይቆጥር ነበር፤ ግን የሚቆጥረው በአፉ ስለሆነ ግማሹ ውሸት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ሽማግሌ ያስታርቃል፣ በውሸቱም ተቻችሎ ይኖራል። አዋጁ ቆጠራውን ከሰው አፍ ነጥቆ ለመሣሪያ ሰጠው። መሣሪያውን ሚዛን ይሉታል። ከአጥንቱ ቆንጥረው ይሰጡታል፣ የተከራካሪዎቹን ምራቅ ይሰጡታል፣ ወደ ማን እንደሚያደላ ይናገራል። በፀጉር ያህል የበለጠ ሁሉን ይወስዳል፤ ያነሰው ቤቱን ዘግቶ የጭነት መኪና ላይ ይወጣል።

ሰዉ ለመደው። ሰው የማይለምደው ምን አለ? ሰው ሲሞት ከአልቃሽ በፊት ቀያሽ ይጠራል። ሬሳው ከድንበሩ ፈቀቅ ብሎ ይቀበር አይቀበር በሚል ጎረቤት ከጎረቤት ፍርድ ቤት ይቆማል። ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ የአጥንት ካርድ ይዘው ነው፤ ስለ ጠባዩ የሚጠይቃቸው የለም። ተማሪዎች መስከረም በጠባ ቁጥር ምራቃቸውን ያስረክባሉ። ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ከተጣሉ «አጥንትህ የት ነው?» ይባባላሉ፣ መልስ ያጣው ሻዩን ሳይጨርስ ይወጣል።

ትርንጎ አንትሮፖሎጂ ስትማር፣ ያውም ስለ ሰው አካልና ስለ አመጣጡ የሚያጠናውን ዘርፍ፣ አንድ የሸበቱ መምህር ነበሯቸው። የመጀመሪያ ቀን ገብተው፣ ይህ ትምህርት አንድ ቤት ነው፣ በሮቹ ግን ብዙ ናቸው አሏቸው። ድንጋይ በሆነው በጥንቱ ሰው ቅሪት በኩል መግባት ይቻላል፤ በዝንጀሮና በጦጣ በኩልም ይገባል። አንዱ በአሮጌ መቃብር ይገባል፣ አንዱ ወድቆ በተገኘ አስከሬን፣ አንዱ ዛሬ ገበያ ላይ በሚጋፋው ሰው በኩል። በየትኛውም ብትገቡ ውስጥ የሚጠብቃችሁ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰው ምንድን ነው? መንግሥት ቤቱን ተረከበና እያንዳንዱን በር ለየብቻ ቢሮ አደረገው። ጥያቄውን የት እንዳስቀመጡት አይታወቅም።

የቅሪተ አካል ክፍል ሀብታም ነው፤ ሚሊዮን ዓመት የቆየ አጥንት ለማንም ርስት ስለማይሰጥ በመስታወት ውስጥ ሆኖ ይጎበኛል። የሕያዋን ክፍል ምራቅ ይሰበስባል። የትርንጎ ክፍል፣ የመቃብር ክፍል የሚባለው፣ ለሚዛን አጥንት ያቀርባል፤ ብይኑንም መርማሪዋ መሬቱ ላይ ቆማ፣ አጥንቱን ፊት ለፊት አስቀምጣ፣ ለሕዝቡ ታነባለች። ያልተነበበ ብይን አይጸናም። ትርንጎ ሥራ የጀመረችበት የአስከሬን ክፍል ደግሞ ጭር ያለ ነው። ቤተሰቡ ያልታወቀ ሰው ሞቶ ሲገኝ መርምሮ፣ በአቅራቢያው ላለ እድር ሰጥቶ ያስቀብራል። የጦጣ ክፍል ከተዘጋ ቆይቷል። ዝንጀሮ ርስት አይጠይቅማ።

አዋጁ ሲወጣ ካህናቱም ሼሆቹም ተቆጥተው ነበርና እነሱን ለማብረድ አንድ አንቀጽ ገባ፤ በወግ ተለቅሶለት የተቀበረ ሰው አንድ ትውልድ ሳያልፍ አይቆፈርም የሚል። ሰዉ አባቱን ትቶ አያቱን በሻንጣ የሚያመጣው ለዚህ ነው።

ላይ ገደሞና ታች ገደሞ ወሎ ውስጥ፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚያዘቀዝቅበት፣ አንድ ገደል የሚለያቸው መንደሮች ናቸው። ታቾቹ በአያቶቻቸው ዘመን ድርቅ ገፍቷቸው መጥተው የሰፈሩ ናቸው። ላዮቹ የቆየ አጥንት አላቸው፣ ምንጫቸው ግን ደርቋል፤ ውሃ ያለው ታች ነው። ድሮ ይጋባሉ፣ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። ወሎ እድሩን ቅሬ ነው የሚለው። አዋጁ ከመጣ በኋላ ቅሬውም ለሁለት ተከፈለ፤ ጡሩምባ የሚነፋው ለየራስ ሬሳ ሆነ።

ታቾቹ ለውሃ ማጠራቀሚያ ሲቆፍሩ አጥንት አገኙ። አፈሩን መልሰው ዝም ቢሉ ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር፤ ዝም አይነቅዝም። እነሱ ግን ደስታው አሰከራቸው። ሦስት ትውልድ ሙሉ አጥንተ ቢስ ሲባሉ የኖሩ ሰዎች በገዛ ጓሯቸው አጥንት ወጣላቸው። በነጭ ሻሽ ጠቅልለው፣ እልል እያሉ፣ ከበሮ እየመቱ ራሳቸው አምጥተው አስመዘገቡት። የቅሬያቸው ዳኛ ወይዘሮ ከድጃ መኮንን ጥቅሉን ለትርንጎ በሁለት እጃቸው አስረከቡ። አደራሽን አሏት፤ እስከ ዛሬ ቆመን የኖርነው ይህን ስንጠብቅ ነው አሏት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ሚዛኑ ወደ ላይ ገደሞ አደላ።

ውጤቱን የነገራት የክፍሉ ኃላፊ ሉልሰገድ ነው። አብረው የተማሩ ናቸው፤ ሲነግራት ዓይን ዓይኗን አላያትም። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀችው። ከፀጉር የቀጠነ መሆኑን አልደበቃትም። ከአንድ እናት በወጡ ወንድማማቾች መካከል ከዚህ የሰፋ ልዩነት እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ፈተና ላይ ጽፈው ያለፉበት ነገር ነው። መኪኖቹ ታዘዋል፣ አርብ ታነቢያለሽ ብሏት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ትርንጎ በሩን ዘግታ አጥንቶቹን ጠረጴዛው ላይ በየቦታቸው ደረደረች። ለሥራ ሳይሆን ለመሰናበት ነበር። ዳሌው ሰፊ ነው፤ ሴት ናት። ጥርሶቿ በወፍጮ ድንጋይ አሸዋ ተፈግፍገው አልቀዋል፤ ብዙ የኖረች ሴት ናት። ጀርባዋን ሸክም አጉብጦታል። የግራ ጭኗ በወጣትነቷ ተሰብሮ ጠምሞ ገጥሟል። ትርንጎ ጭኑን ይዛ ቆየች። እንዲህ የተሰበረ ሰው ለወራት አይቆምም። ውሃ አይቀዳም፣ እንጨት አይለቅምም፤ የሚያጎርሰው ካላገኘ ይሞታል። ይህች ሴት ግን እስክታረጅ ኖራለች። አጉራሽ ነበራት ማለት ነው።

ከዚያ ጥርሷን አስመረመረች። ጥርስ በልጅነቱ የጠጣውን ውሃ አይረሳም። ውጤቱ ሲመጣ ከሞተች ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ እንደሆናት ታወቀ። የሴትዮዋ ጥርስ የገደሞን ውሃ አያውቀውም፤ ያደገው ከባሕር አጠገብ ባለ አገር ውሃ ነው።

በጣም ተናደደች። ለራሷም ገረማት፤ በዚህ ሥራ ከተሰማራች ጀምሮ እንዲህ ተናዳ አታውቅም። ሉልሰገድ ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች።

«መጤ ናት» አለችው።

«ማን?»

«ባለ አጥንቷ። ታቾቹን መጤ ናችሁ ብለህ የምታባርርባት ሴት ራሷ ከባሕር አጠገብ የመጣች እንግዳ ናት።»

አዋጁ ስለ ጥርስ አይጠይቅም፣ ደሟ ማንን ይመስላል ነው የሚለው አላት። ሁለት ሺህ ዓመት ያለፋት ሴት ወልዳ ዘሯ ከቀጠለ የላዮቹም የታቾቹም፣ የእሱም የእሷም ቅድመ አያት እንደምትሆን፣ ካልቀጠለ ደግሞ የማንም እንዳልሆነች፣ መካከል የሚባል ነገር እንደሌለ አስታወሰችው። ሉልሰገድ በሩን ዘጋ።

«አውቃለሁ፣ ትርንጎ። አብረን አይደል የተማርነው? ግን ዛሬ ሚዛኑን ብነካ ነገ የሚመዘነው የእኔ አባት ነው። አንቺ ባታነቢም ሌላ ሰው ያነበዋል።»

እውነቱን ነው። ሥራ ለቅቃ ብትሄድ ሌላ መርማሪ ይመጣል። አጥንቷ ጠረጴዛው ላይ እስካለች ድረስ ትመዘናለች፤ የታች ገደሞ ሰው ቤቱን ይዘጋል። ስለዚህ አጥንቷ ከጠረጴዛው መነሳት አለባት።

ትርንጎ ያን ቀን የአስከሬን ክፍልን ደንብ አውጥታ አነበበች። ቤተሰቡ ያልታወቀ የሰው አስከሬን ይላል። መቼ የሞተ እንደሆነ አይልም። ደንቡን የጻፈው ሰው ይህን መናገር ያስፈልጋል ብሎ አላሰበም፤ ሞት ሞት ነው። እዚያ ስትሠራ የያዘችው የክፍሉ ማህተምም ከመሳቢያዋ ውስጥ ነበር፤ መልሺ ያላት የለም። የቀብር ወረቀት ጽፋ ማህተሙን መታችበት።

አርብ ጠዋት በሁለቱ መንደሮች መካከል ባለው ሜዳ ላይ ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ቆሟል። መኪኖቹ ተደርድረዋል፤ ሾፌሮቹ ጥላ ፈልገው ተቀምጠዋል። ጥቂት ዘቦች አሉ። አንዳንድ የታች ሴቶች ከወዲሁ ድስትና ምንጣፋቸውን አስረዋል። በላይ ገደሞ በኩል የቅሬ ዳኛው አቶ ይመር ወልዴ ከፊት ቆመዋል። ልጃቸው ዘነቡ ታች ነው ያገባችው፤ ሕፃን አዝላ ከታቾቹ ጋር ቆማለች። አባትና ልጅ አይተያዩም።

ትርንጎ ከመኪና ስትወርድ ጥቁር ለብሳለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሰዉ ተንሾካሾከ። አጥንቷን በነጭ ጨርቅ እንደተገነዘች ቃሬዛ ላይ አሳረፈቻትና ቀና አለች።

«ብይን ላነብ አልመጣሁም» አለች። «መርዶ ላረዳችሁ ነው የመጣሁት።»

መርዶ የሚለው ቃል ሲሰማ ሰው ጠቡን ትቶ የራሱን ሰዎች በልቡ መቁጠር ይጀምራል።

«አንዲት ሴት ሞታብናለች። ከባሕር አጠገብ ተወልዳ እዚህ ድረስ የመጣች እንግዳ ነበረች። ጭኗ ተሰብሮ ስትወድቅ የዚህ አገር ሰው አስታሞ፣ አጉርሶ አዳናት። አርጅታ እዚሁ ሞተች። ከሞተች ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ መርዶው ዘግይቷልና ይቅር በሉኝ። ዘመዶቿ አልታወቁም። እንዲህ ያለውን ሰው በአቅራቢያው ያለ ቅሬ ይቀብረዋል ይላል ደንቡ። ከዚህ ቃሬዛ እኩል የምትርቁ ሁለት ቅሬዎች ናችሁ።»

የዘቦቹ አለቃ ቀረብ ብሎ ብይኑስ አላት። ሬሳ ሜዳ ላይ አስቀምጠን ብይን አናነብም አለችው። ስልኩን አወጣ፣ ከዚያም ለማን እንደሚደውል ግራ የገባው መሰለ።

ወይዘሮ ከድጃ ወደ ቃሬዛው ተጠጉ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«የእኛ አይደለችም ማለት ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ከማን እጅ እንደጎረሰች አጥንቷ አይናገርም፣ እማማ። ጎርሳ መኖሯን ብቻ ነው የሚናገረው።»

ወይዘሮ ከድጃ የሚያስቡት ግልጽ ነበር፤ ይህችን ሴት አልቅሰው ከቀበሯት አንድ ትውልድ ሳያልፍ አትቆፈርም፤ የጠበቁት ርስት በዕድሜያቸው አይመጣም፣ የሚተርፋቸው አለመባረር ብቻ ነው። ከዚያ ሻሻቸውን ፈትተው መሬት ላይ ተቀመጡና ማልቀስ ጀመሩ። የውሸት ለቅሶ አልነበረም። ሦስት ትውልድ ሙሉ የተጠራቀመ ነበር፤ ሴቶቹ ድስታቸውን እየጣሉ ተከተሏቸው።

አሁን ሁሉም የሚያየው አቶ ይመርን ነው። ከኋላቸው ያሉት ወጣቶች ይጉረመርማሉ። አንዱ፣ አባባ አትሸወዱ፣ ከቀበርናት ውሃው ቀረብን አላቸው። ልጁ አልተሳሳተም። ላይ ገደሞ ውሃ በአህያ ከሩቅ የሚያመጣ አገር ነው፤ ጥማቱ እውነት ነው። ግን ቀብር የሚባል ነገርም አለ። ጡሩምባ ተነፍቶ ያልወጣ ሰው ከቅሬ ይወጣል፣ እሳት የሚያበድረው አያገኝም፤ አቶ ይመር ራሳቸው በዳኝነታቸው እንዲህ ብለው የፈረዱበት ሰው አለ። ዘነቡ ሕፃኗን እንዳዘለች፣ አባቷን ሳታይ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል መጥታ ቃሬዛው አጠገብ ተቀመጠችና ደረቷን መታች።

አቶ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስሟ ማን ነው?»

«አልታወቀም፣ አባባ» አለች ትርንጎ።

«ቅሬ ስም የሌለው ሰው አይቀብርም።» ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ገለበጡና ለለቅሶ መልሰው ለበሱት። «እንግዳዬ በሏት። አንተ፣ ጡሩምባውን ንፋ። ላይም ታችም ይሰማ።»

ጡሩምባው ተነፋ። ሼሁም ቄሱም መጡ። ሁለቱም ሃይማኖቶች እዚህ አገር ሳይደርሱ የሞተች ሴት ስለሆነች አንዱ ሌላውን አንተ ቅደም እያለ ትንሽ ተግደረደሩ፣ በመጨረሻ ጎን ለጎን ቆመው እየተቀባበሉ አደረሱላት። የላይ ወጣቶችና የታች ወጣቶች ቃሬዛውን እየተቀያየሩ ተሸከሙ። ሾፌሮቹ ሬሳ ሲያልፍ ተቀምጦ ማየት ነውር ነውና ተነሱ፤ ሁለቱ ከተሸካሚዎቹ ጋር ገቡ። የዘቦቹ አለቃ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ወዲያ ማንን ያስቁም? ልቅሶን በአዋጅ የከለከለ መንግሥት ገና አልተፈጠረም።

ከቀብር መልስ ላዮቹ እጃቸውን የታጠቡት በታቾቹ ውሃ ነው። ቀባሪ ውሃ አይከለከልም። ወይዘሮ ከድጃ ራሳቸው በጣሳ እየቀዱ በአቶ ይመር እጅ ላይ አፈሰሱ፤ አቶ ይመር ከታጠቡ በኋላ እጃቸውን ሳያነሱ ጥቂት ቆዩ፤ ወይዘሮ ከድጃም ማፍሰሳቸውን አላቆሙም። ለነገውም አህያ ጭናችሁ ኑ አሏቸው።

መሥሪያ ቤቱ ትርንጎን ከሰሳት። ሸንጎ ተቀምጠው ምን እንዳጠፋች እንድታስረዳ ጠየቋት። «ምን አጠፋሁ? ሰው ቀበርኩ» አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ደንቡን አገላበጡ፤ የጣሰችው አልተገኘም። መቃብሩን እንዳያስከፍቱ፣ በወግ የተቀበረ አይቆፈርም የሚለው አንቀጽ አሰራቸው። ሰው ቀበረች ብሎ ፍርድ ቤት የሚያቆማት ዓቃቤ ሕግም ጠፋ። ስለዚህ ወደ ጦጣ ክፍል አዛወሯት። ቁልፉን ያመጣላት ሉልሰገድ ነው። የአስከሬን ክፍሉን ማህተም ግን እንድትመልስ አልጠየቃትም።

የጦጣ ክፍል አቧራ የለበሰ ጠባብ ክፍል ነው። የዝንጀሮ የራስ ቅሎች ግድግዳው ላይ ተደርድረው ወደ በሩ ያፈጣሉ። ትርንጎ አቧራቸውን ጠረገችላቸው፤ የሰውን ነገር ከሩቅ ለማየት ይሻላሉ አለች ለራሷ። ብዙም አልቆየ፣ አንድ ጠዋት ስትመጣ በሩ ላይ ሰልፍ አገኘች። ሻንጣ የያዙ፣ ከረጢት የያዙ፣ ፎጣ የታቀፉ። ለሚዛን አልነበረም የመጡት። ከፊት የነበረችው ሴትዮ ከረጢቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እኛንም አርጂን አለቻት።

ከሰልፉ ጫፍ ደባልቄ ቆሟል። ተራው ሲደርስ ያንኑ ቅልጥም አወጣ።

«ደባልቄ፣ ይሄ ፍየል ነው።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ። መጀመሪያም አውቅ ነበር» አላት። መንገድ ላይ ተጥሎ የተገኘ ልጅ ነበር፤ እናቱንም አባቱንም አያውቅም። «አጥንት የለኝም። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ሰልፍ አያስገቡትም ብዬ ነው የምይዘው።»

ትርንጎ ስትስቅበት የኖረችውን ሁሉ አስታወሰችና አንገቷ ድረስ አፈረች። ከዚያ፣ ነገ ገደሞ ላይ የእንግዳዬ አርባ እንደሆነ፣ ሁለቱም ቅሬዎች አንድ ድንኳን እንደሚጥሉ ነገረችው። እዚያ ሂድና አልቅስ አለችው።

«የማን ነኝ ልበላቸው?»

«ለቅሶ የመጣን ሰው የማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም» አለችው።

ደባልቄ ቅልጥሙን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ።